ሙሾ በአግዳሚ ወንበር ሲለካ

እናንተ ግጥም ስትሰሙ በጣታችሁ ትቆጥራላችሁ? እኔ እቆጥራለሁ። አትሳቁ፣ እንጀራዬ ነው። ከማርቆስ ወዲያ ባለችው አማኑኤል ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም ተዉት፤ ርዕሰ መምህራችን ስማቸው ሲነሳ ደስ አይላቸውም። አንድ ስንኝ ስንት ቀለም እንዳለው፣ ማለትም ስንለው አፋችን ስንት ጊዜ ከፈት ከደን እንደሚል መቁጠር ነው ሥራዬ። አንዴ ከለመዳችሁት ደግሞ አይለቅም።

መናኸሪያ እሄዳለሁ። ረዳቱ «ማርቆስ፣ ማርቆስ፣ የሞላ ማርቆስ» ይላል። ሰው ወንበር ይሻማል። እኔ ቆሜ የድግግሞሹን ፋይዳ አስባለሁ። መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል።

ቤት እገባለሁ፤ እዚያም አላርፍም። ሚስቴ ስትቆጣ ስድስት በስድስት ነው የምትቆጣው። ባለፈው «ዳቦ ግዛ ብልህ፣ ወሬ ይዘህ መጣህ» አለችኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ስድስት፣ ስድስት። ቤቱም መታ። ደስ ብሎኝ፣ ይኼ እኮ ንጹሕ የወል ቤት ነው፣ አብዛኛው የአገራችን ግጥም የተሰፋው በዚህ ልክ ነው አልኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ዝምታ ደግሞ አይቆጠር፤ ምን ላድርግ?

ይጁቤ ከተማ፣ በአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ የባሰ መጣ። ዘፈን አውራጁ ሲያወጣ ሲያወጣ ቆይቶ አንዱ ስንኝ ቤት አልመታለትም። ጠጋ ብዬ በጆሮው ነገርኩት። ሰውየው አመስግኖኝ ከበሮውን ከአንገቱ ላይ አወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ዳሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከበሮውን አቅፌ ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሰርግ ሲኖር የምሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

ለነገሩ የግጥም ትንተና ከባድ ትምህርት ይመስላችኋል? ሦስት ጥያቄ ነው። ምጣኔው ስንት ነው? ቤት የሚመታው በምን ፊደል ነው? ድግግሞሹ ለምን መጣ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጣትና ዓይን ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ምንም አይፈልግም። መልሱ አንድ ነው፦ ሐሳቡን ለማጉላት። ገጣሚው ፍቅር ሲደጋግም ለማጉላት ነው። አገር ሲደጋግም ለማጉላት ነው። ለራስ ምታቱም ለወገብ ሕመሙም አንድ ነጭ ክኒን እንደሚታዘዘው ማለት ነው። ዐሥራ አንደኛ ክፍልን ሁለቴ የተማረ አንድ ልጅ፣ አባቱ ለምን ደገምክ ቢሉት ለማጉላት ነው ብሎ በዱላ ተባረረ ይባላል። እውነት ይሁን ቀልድ አላጣራሁም።

እኔ ግን በዚህ በለማጉላት አምን ነበር። እንዲያውም በሰርተፍኬት ነው የማምነው። የሰርተፍኬቱን ነገር ልንገራችሁ፤ ዋናው ወሬ እሱ ነውና።

አምና በዐቢይ ጾም አዲስ አበባ ስልጠና ተጠራሁ። ግጥምን በሳይንሳዊ መንገድ መተንተን ይላል ርዕሱ። አራት ቀን፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ። አሠልጣኙ በፕሮጀክተር ሰንጠረዥ ያሳየናል። እዚህ ሣጥን ምጣኔ፣ እዚህ ቤት፣ እዚህ ድግግሞሽ። ግጥሙ ከገባበት በኋላ ሰንጠረዡ ብቻ ይቀራል። እኛም እናጨበጭባለን።

ረቡዕ ጠዋት ከአገር ቤት ስልክ ተደወለ። አባትህ ደከም ብለዋል፣ ብቅ ብትል ጥሩ ነው አሉኝ። የእኛን አገር ስልክ ታውቁታላችሁ። ጉንፋን ከሆነ ጉንፋን ነው ይሏችኋል፤ ደከም ብለዋል ካሉ ግን ሰውየው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ የከበዳቸው ናቸው። አወቅሁ። አወቅሁና ሰርተፍኬቱ የሚሰጠው ሐሙስ ከሰዓት ነው ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ነው፣ ምን አላት ብዬ ቀረሁ።

ሐሙስ ሰርተፍኬቴን ተቀብዬ ፎቶ ተነሣሁ። ሐሙስ ማታ አባቴ ዐረፉ። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ አውቶብስ ተሳፈርኩ። አባይ በረሃ ስንደርስ አንድ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና መንገዱ መሐል ተበላሽቶ ጠበቀን። አንድ ሰዓት ያህል ቆምን፤ ከዚያው ለአገር ቤት ደውዬ መኪና ተበላሽቶ ያዘን አልኩ። ከደጀን ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምነግረው የዚያን መኪና ነገር ነው። የሰርተፍኬቱን ለማንም አልነገርኩም። ለእናንተም አሁን መናገሬ ነው።

ከአማኑኤል የአባቴ ቀበሌ በእግር አንድ ሰዓት ይሆናል። ሮጬ ስደርስ ቃሬዛው ገና መንገድ ላይ ነበር። ገረመኝ። ከአባቴ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እኮ አንድ ሰው ቢጣራ ይሰማል። ካህናቱ ጥላ ይዘው ቆመዋል፣ ተሸካሚዎቹ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ከፊት ሙሾ አውራጇ እማማ ይታይሽ ቆመዋል። በዚያ አካባቢ እሳቸው ሳያወርዱለት የተቀበረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ድምፃቸው ተሰነጣጥቆ እንዲህ ይላሉ፦

ቀስ በሉ ቀስ በሉ፣ ገና ነው መንገዱ፤
በሬው ቀንበር ለምዶ፣ ጌታው ጥለው ሄዱ።
ቀስ በሉ ቀስ በሉ፣ ገና ነው መንገዱ፤
ሰው ተሸክመው ኖረው፣ በሰው ክንድ ወረዱ።

አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ መሬት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ግን ምን ያደርጋል፣ እያለቀስኩ ጣቴ መቁጠር ጀመረ። ስድስት፣ ስድስት። የወል ቤት። «ዱ» ቤት ይመታል። ተነሣሁና ከኮቴ ኪስ የስልጠናውን ማስታወሻ ደብተር አወጣሁ። አባቴ ወደ መቃብር ሲወርዱ እኔ ሰንጠረዥ እየሞላሁ ነበር። ያኔ በራሴ ኮርቼ ነበር። ኀዘን እንኳ ሙያዬን አላስጣለኝም ብዬ።

ሰኔ መጣ። የዐሥራ አንደኛ ክፍልን የማጠቃለያ ፈተና የማወጣው እኔ ነኝ። ለግጥሙ ክፍል ያንን ሙሾ አስገባሁት። ከሥሩ «ከሥነ ቃል የተወሰደ፤ ገጣሚው አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ። እንዴት አይታወቅም ትሉኝ ይሆናል። እኔም እማማ ይታይሽን አውቃቸዋለሁ። ነገር ግን ሥነ ቃል ባለቤት የለውም ተብለን ነው የተማርነው፤ ባለቤት ካለው ሥነ ቃል አይሆንም፣ ሥነ ቃል ካልሆነ ደግሞ ምዕራፍ አራት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ለምዕራፍ አራት ስል ባለቤቷን ሰረዝኩ። ሦስቱን ጥያቄ አስከተልኩ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ነጥብ።

እርማት ላይ እናኑ የምትባል ልጅ ወረቀት እጄ ገባ። እናኑ ከኋላ የምትቀመጥ፣ እጇን የማታወጣ ልጅ ናት። ምጣኔው ስንት ነው ለሚለው «የተሸካሚ እርምጃ ነው» ብላለች። ቤት የሚመታው በምንድን ነው ለሚለው «ሰው እኩል እንዲቀበል ነው» ብላለች። ድግግሞሹ ለምን መጣ? «ልጁ ስላልደረሰ ነው።» ከሁሉም ሥር ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ገጣሚዋ ትታወቃለች» ብላ ጨምራለች።

የቱ ልጅ? ግጥሙ ውስጥ ልጅ አለ እንዴ? ፈለግሁ፣ የለም። በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ኤክስ አኖርኩና ከጎኑ «ከግጥሙ ውጪ አትሂጂ» ብዬ መከርኳት። ለማለፍ አራት ነጥብ ጎደላት። በዚያ ዓመት ደግሞ ትምህርት ቤታችን አማርኛ የወደቀ ክፍል ይደግማል የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር። እናኑ በሒሳብም በፊዚክስም ከክፍሉ ፊተኛ ናት። በአማርኛ ደጋሚ ሆነች።

በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ስገባ እማማ ይታይሽ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እናኑ ከጎናቸው አንገቷን ደፍታ ቆማለች። የተማሪ ስም የሚጻፈው በአባት ነው፤ የእናቷን ማንነት ከየት ልወቀው? ደነገጥኩ። ተነሥተው ሳሙኝ፣ የአባቴን ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረው በለሆሳስ ተናገሩ።

«ልጄ የወደቀችው እኔን ስለምታውቀኝ ነው። ባታውቀኝ ኖሮ ታልፍ ነበር» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ፊዚክስ ያጠኑ ሰው ናቸው፤ ሁሉ ነገር በማስረጃ ነው። የመልስ ቁልፉን አንብብ አሉኝ። አነበብኩ። ምጣኔ፣ ስድስት በስድስት፣ የወል ቤት። ቤት መምቻ፣ «ዱ»። ድግግሞሽ፣ ሐሳቡን ለማጉላት። እማማ ይታይሽ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ስድስት ነው እንዴ፣ እኔ ቆጥሬው አላውቅም አሉ። ከዚያ በር ላይ ያለችውን የእንግዳ አግዳሚ ወንበር አዩና እስቲ ተሸከሟት አሉን።

ያሉት ማንን ነው? እኔንና ርዕሰ መምህሩን።

ርዕሰ መምህሩ ማስረጃ ማለት ሙከራ ነው ብለው ኮታቸውን አወለቁ። እሳቸው ረጅም፣ እኔ አጭር፤ አግዳሚዋ ወደ እኔ ተንጋደደች። ክብደቷ ሁሉ እኔ ላይ መጣ። ግቢው ውስጥ መሄድ ጀመርን። እማማ ከፊት ከፊት ይላሉ፣ እኛ ከኋላ። ቀስ በሉ ቀስ በሉ ሲሉ እግራችን ሳናዘው ከቃሉ ጋር ይወድቃል። ሐረጉ አልቆ ትንሽ ትንፋሽ ወሰድ ሲያደርጉ ትከሻችንን እንቀይራለን። ያቺን ትንፋሽ እኔ ለዐሥራ ሁለት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጠላ ሰረዝ ናት እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ትከሻ መቀየሪያ ናት። ያለሷ አግዳሚዋ እግሬ ላይ ትወድቅ ነበር።

የክፍል መስኮቶች በተማሪ ሞሉ። እማማ «ዱ» ላይ ሲደርሱ፣ ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ ልጆቹ ከየመስኮቱ እኩል «ወዬ» ብለው ተቀበሉ። ማንም አላለማመዳቸውም። ርዕሰ መምህሩም አብረው ወዬ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በኋላ ክደዋል።

ይኼኔ እማማ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ። በእኛ አካባቢ ሙሾ አውራጅ ፊቷን ወደ ቃሬዛው ካዞረች ተሸካሚ ይቆማል። እሷን ገፍቶ የሚያልፍ ቄስም ሆነ ዳኛ የለም፤ ሙሾው እስኪያልቅ ይጠበቃል። ይኼን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማወቄን ግን ሰንጠረዡ አልጠየቀኝም ነበር። ቆምን። እሳቸውም ያንኑ የመጀመሪያ ስንኝ ደገሙት። ደገሙት። እንደገና ደገሙት። ትከሻዬ ተቃጠለ። ርዕሰ መምህሩ ላብ አጠመቃቸውና እስከ መቼ ነው የምንቆመው ብለው ጠየቁ።

እማማ ይታይሽ ማውረዳቸውን አቆሙ። ርዕሰ መምህሩን ትተው እኔን አዩኝ።

«ልጁ እስኪደርስ ነዋ» አሉ። «ዓርብ ነበር። ቄሶቹ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም፣ እንቅበርና እንሂድ አሉኝ። አንድ ወንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ መኪና ተበላሽቶበት ነው፣ አባይ በረሃ ደርሷል ብዬ ለመንሁ። አልሰሙኝም። እንግዲያ ፊቴን ወደ ቃሬዛው አዙሬ ያዝሁት። ስንት ጊዜ እንዳልሁት እኔ አላውቅም፤ መቁጠር የምታውቅ አንተ ነህ። ድምፄ እስኪጠፋ አልሁት። አንተ መጥተህ አልቅሰህ ስትነሣ ነው መንገዱን የለቀቅሁ።»

አግዳሚዋ ትከሻዬ ላይ ናት። ማስቀመጥም ረሳሁ።

ልጁ እኔ ነኝ። ግጥሙ ውስጥ ልጅ የለም ብዬ ኤክስ ያደረግሁት እኔው ነኝ። እኝህ ሴት ሕዝቡን፣ ካህናቱን፣ የአባቴን ሬሳ ሳይቀር በአንዲት ስንኝ አቁመው የጠበቁኝ እኔን ነው። እኔ ደርሼ ያደረግሁት ምንድን ነው? ደብተር አወጣሁ። ሃያ ጊዜም ሠላሳ ጊዜም ያሉትን ወደ ሁለት አሳጠርኩት፣ የፈተና ወረቀት እንዲበቃ። ስማቸውን ሰረዝኩ። ልጃቸውን ጣልኩ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያ የተበላሸ መኪና ነው። እሳቸው በዚያ መኪና ምለው ነው ቄሶቹን የለመኑት። መኪናው የያዘኝ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ረቡዕ ተነሥቼ ቢሆን ኖሮ አባቴን በሕይወት አገኛቸው ነበር። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ልነግራቸው ፈለግሁ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብቻ አልኩ። እሳቸው ለሙሾው መስሏቸው፣ ምንም አይደለም፣ አንተም ሥራህ ነው አሉኝ።

የእናኑን ወረቀት እዚያው አግዳሚዋ ላይ ተቀምጬ አረምኩ። ስድስት ከስድስት። ከሥሩ ያለውን ገጣሚዋ ትታወቃለች የሚለውንም ልክ ነው አልኩበት፣ ነጥብ ባይኖረውም። አለፈች። የመልስ ቁልፉም ላይ፣ በርዕሰ መምህሩ ትእዛዝ፣ «ልጁ ስላልደረሰ ነው» የሚል ሁለተኛ መልስ ተጨመረበት፣ ማኅተምም ተደረገበት። ሰርተፍኬቱን ሳሎን ከሰቀልኩበት አወረድኩት። ሚስቴ ግድግዳው ባዶ ሆነ ብላ ተቆጣች። ስድስት በስድስት ነበር፤ አልነገርኳትም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ወግ ይወጣው ነበር። መምህሩ ከሙሾ አውራጇ ተማሩ፣ ተማሪዋ አለፈች፣ እውነት በመልስ ቁልፍ ሰፈረች። ግን እናንተ ተማሪን አታውቁትም። መልስ በማኅተም ከወጣ እኛ ትምህርት ቤት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም።

ዘንድሮ ፈተና ላይ የፍቅር ግጥም አወጣሁ። ወንዱ ልጅቱን ነይ፣ ነይ፣ ነይ ይላታል። ድግግሞሹ ለምን መጣ ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ «ልጁ ስላልደረሰ ነው» ብሎ ጻፈ። ልጁ ደርሶ ቆሟል እኮ፤ ያልደረሰችው ልጅቱ ናት። በሁለተኛው ክፍል የዝናብ ግጥም ሰጠሁ። ልጁ ስላልደረሰ ነው። ስለ አገር ሰጠሁ። ልጁ ስላልደረሰ ነው። ለማጉላት የሚል አንድም ሰው ጠፋ። አንድ የተሻለ ተማሪ ብቻ «ልጁ ከአባይ በረሃ ስላልደረሰ ነው» ብሎ አብራርቷል።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ኤክስ ላደርግ ስል እጄ እንቢ አለ። ያቺ አግዳሚ ትከሻዬ ላይ መጣች። ያ ዓርብ መጣ። ልክ ነው አልኩ። ሁለተኛውንም ልክ ነው አልኩ። የክፍሉን ወረቀት ሁሉ እንደዚያው ጨረስኩት።

ርዕሰ መምህሩ የውጤት ዝርዝሩን አይተው አስጠሩኝ። የወረቀቱን ቁልል ጠረጴዛው ላይ አፍስሰዋል። ያን ቀን አብረውኝ አግዳሚ የተሸከሙ ሰው፣ አሁን ኮታቸውን ለብሰው፣ አንዱን ወረቀት ከሌላው እያመሳከሩ ነበር። ተኮራርጀዋል አላሉም፤ ማኅተሙ የራሳቸው ነውና። ብቻ መነጽራቸውን አወለቁና፣ ይኼ ሁሉ ተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲህ የሚደጋግመው ለምንድን ነው፣ አንተ የሙያው ሰው ነህና እስቲ አስረዳኝ አሉኝ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው ገባልኝ።

«ሐሳቡን ለማጉላት ነው» አልኳቸው።